ወፎች የሚዘሩት ወይራ

በመቐለ ከተማ ቃላሚኖ አካባቢ በመኖሪያና በመሥሪያ ቤት ግቢዎች የሚያርፉ ፍሬ በል አእዋፍ ለዓይንና ለጆሮ ከሚሰጡት ደስታ ባሻገር አገር በቀል ደን መልሶ እንዲያገግም የበኩላቸውን ድርሻ ያበረክታሉ።

በትግራይ ደጋማ አካባቢዎች የተካሄዱ ጥናቶች እንደሚያመለክቱት፣ የወይራን ፍሬ የሚመገቡ አእዋፍ ዘሩን በአብዛኛው የሚጥሉት በሚያርፉባቸው ቁጥቋጦዎች ሥር ነው። ቁጥቋጦው ቡቃያውን ከፀሐይ ሐሩር ይከላከልለታል፤ እሾኹም ከብት እንዳይግጠው ያግዛል። በመሆኑም ቁጥቋጦው ከተመነጠረ ወፎቹ ማረፊያ፣ ወይራውም መብቀያ ያጣሉ።

በክልሉ ከ1980ዎቹ ጀምሮ ከሰውና ከእንስሳት ንክኪ የተከለሉ ተራሮች እንዲያገግሙ ይኸው ተፈጥሯዊ ሂደት አስተዋጽኦ አድርጓል። ክልሉ በአፈርና ውኃ ጥበቃና በተራቆተ መሬት ልማት ላስመዘገበው ውጤት እ.ኤ.አ. በ2017 ዓለም አቀፍ የወርቅ ሽልማት አግኝቷል። ይሁን እንጂ ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም በነበረው ጦርነት የኤሌክትሪክ አገልግሎት በመቋረጡ ብዙ ዛፍ ለማገዶና ለከሰል ተቆርጧል።

ጉዳቱን ለመጠገን የችግኝ ተከላ ብቻውን በቂ አይደለም። የመሥሪያ ቤት ግቢ ሲጸዳ አገር በቀል ቁጥቋጦ እንዳይመነጠር ማድረግ፣ ወይራና ግራርንም ተንከባክቦ ማሳደግ ብዙ ወጪ የማይጠይቅ የተፈጥሮ ጥበቃ ሥራ ነው።