ሕፃኑን ብቻ ማከም ስለምን አይበቃም? በልጆች ላይ ስለሚታየው የእከክ በሽታ



በልጆች ቆዳ ላይ ዘወትር ከምናያቸው ሕመሞች መካከል ችፌ፣ ቆረቆርና እከክ ይገኛሉ። ዛሬ ስለ እከክ ብቻ እናገራለሁ፤ ተለማማጅ ሐኪም ሳለሁ የተሳሳትኩት በእርሱ ነውና።

አንዲት እናት ሌሊቱን ሲያለቅስ የሚያድር የስድስት ወር ሕፃን ይዛ መጣች። መዳፉና ውስጥ እግሩ ውኃ በቋጠረ ሽፍታ ተሞልቶ ነበር። ችፌ መስሎኝ ስቴሮይድ ያለበት ቅባት አዘዝኩ። ማሳከኩ ለጥቂት ቀናት ጋብ አለ፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ ግን ሽፍታው ተባብሶ፣ መግልም ይዞ ተመለሰ። የበላዬ የነበሩት ሐኪም አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁ፤ «በቤት ውስጥ ሌላ የሚያሳክከው ሰው አለ?» እናቲቱ እጇን ዘረጋች። በጣቶቿ መካከል ያው ሽፍታ ነበር።

እከክን የምታመጣው ከግማሽ ሚሊ ሜትር የምታንስ ተባይ ናት። ሴቲቱ የላይኛውን የቆዳ ሽፋን እየፈለፈለች እንቁላል ትጥላለች። ማሳከኩ ሰውነት ለተባይዋና ለእንቁላሏ የሚሰጠው የአለርጂ ምላሽ ነው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ በተያዘ ሰው ላይ እስኪገለጥ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይወስዳል። እንግዲህ «እኔን አያሳክከኝም» የሚል ሰው ተባይዋን ተሸክሞ ሊሆን ይችላል። ሕፃኑን ብቻ ብናክም፣ ከሚታቀፍበት ክንድ ዳግመኛ ይያዛል።

ስለዚህ መላው ቤተሰብ በአንድ ቀን ይታከማል። 5 በመቶ ፐርሜትሪን ተቀብቶ ያድራል፤ ከሳምንት በኋላም ይደገማል። በሕፃናት ዘንድ የራስ ቆዳና ፊትም ይቀባሉ፤ ዓይንና አፍ አካባቢ ግን አይነካም። አይቨርሜክቲን ክብደታቸው ከ15 ኪሎ ግራም በታች ለሆኑ ልጆች አይታዘዝም። ልብስና አንሶላ በሙቅ ውኃ ይታጠባል። ማሳከኩ ከሕክምናው በኋላም ለጥቂት ሳምንታት ሊቆይ እንደሚችል ለእናቲቱ አስቀድመን ካልነገርናት፣ መድኃኒቱን ያለ ልክ ትደጋግማለች።

ጉዳዩ ከእንቅልፍ ማጣት ያልፋል። በተፋቀው ቆዳ የሚገባው ስትሬፕቶኮከስ የተባለ ባክቴሪያ ኩላሊትን እስከ መጉዳት ሊደርስ ይችላል። በ2008 ዓ.ም. በድርቁ ወቅት በአማራ ክልል እከክ በወረርሽኝ መልክ መከሰቱም፣ የውኃ እጥረት ባለበት ሥፍራ በሽታው የማኅበረሰብ ሸክም እንደሚሆን አሳይቶናል።

በመሆኑም የሚያሳክከው ልጅ ስታዩ፣ ቅባት ከማዘዛችሁ በፊት የታቀፈችውን እናት እጅ ተመልከቱ።