ስለ ወለምታ፤ ቀዝቃዛና ሙቅ የሚደረግበት ጊዜ

በጉና ዙሪያ ባለው ደጋ በገና ጨዋታ ወይም በተማሪ ቤት ሩጫ የልጅ ቁርጭምጭሚት ወለም ሲለው፥ ወዲያው በሙቅ ቅቤ ማሸት የተለመደ ነው። ማሸቱ ጊዜ አለው፤ ጊዜው ግን ያን ዕለት አይደለም። እግር ሲታጠፍ ጅማት ይሳባል፥ ጥቃቅን የደም ሥሮችም ይበጠሳሉ፤ ሙቀት ሥሮቹን ያሰፋልና እብጠቱን ያብሳል። ብርድ ያጠብባቸዋል፥ ሕመሙንም ያደነዝዛል።

ስለዚህ መምህሩ ልጁን አስቀምጦ እግሩን ከፍ ያድርግለት፤ በምንጭ ውሃ የተነከረ ጨርቅም 15 ደቂቃ ያህል ያኑርበት፥ ከሁለት ሰዓት በኋላ ይድገምለት። የጉና ምንጭ በማለዳ ከበረዶ ብዙ አያንስም። ሆኖም ብርዱ ከመጀመሪያው ቀን አይለፍ፤ በ1978 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ይህን ሥርዓት በመጽሐፍ ያስፋፋው አሜሪካዊው ሐኪም ጌብ ሚርኪን ራሱ፥ ብርድ ፈውስን ሊያዘገይ ይችላል ሲል ኋላ ቃሉን አርሟል። ሙቅ ጨርቅና የወጌሻ እጅ ከ2 ወይም ከ3 ቀን በኋላ፥ እብጠቱ ሲጐድል ይምጣ።

እግሩ የተጣመመ ወይም አራት እርምጃ መራመድ ያቃተው ልጅ ግን አይታሽ፥ በቀርከሃም ተጠብቆ አይታሰር። እንዲህ ታስሮ ደም ያጣ እግር በአገራችን ተቈርጧል። እንዲህ ያለው ልጅ ሳይውል ሳያድር ወደ ደብረ ታቦር ሆስፒታል ይወሰድ።