የእሳት አደጋ ስጋት ገምጋሚነት በእንግሊዝ፦ ተረቱና እውነታው

በእንግሊዝ አገር ሥራ መቀየር የሚያስቡ ሰዎች ከሚጠይቁባቸው ሙያዎች አንዱ የእሳት አደጋ ስጋት ገምጋሚነት ነው። ገምጋሚው ወደ ሕንፃው የሚሄደው እሳት ከመነሳቱ በፊት ነው። እሳት ከምን ሊነሳ እንደሚችል፣ ቢነሳ ማን እንደሚጎዳ፣ ሰዉ በየት በኩል እንደሚያመልጥ ያጣራል፤ መስተካከል ያለበትንም ጽፎ ለሕንፃው ኃላፊ ይሰጣል። ሥራው ሳይቃጠል በቅጠል ነው። ስለ ሙያው ከሚወራው ውስጥ ግን ብዙው የተሳሳተ ነው፤ ስህተቱም የኮርስ ክፍያ ከማባከን አልፎ የሰው ሕይወት ያስከፍላል። ከዚህ በታች ያሉት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ተረት 1፦ የእሳት አደጋ ሠራተኛ ያልነበረ ሰው ገምጋሚ መሆን አይችልም።

እውነታ፦ ሕጉ እንዲህ አይልም። አስተሳሰቡ ሥር የሰደደው በ1971 በወጣው ሕግ ዘመን ለሕንፃዎች የእሳት ደህንነት ሠርተፊኬት የሚሰጠው እሳት አደጋ መሥሪያ ቤቱ ስለነበረ ነው። ያ አሠራር በ2005 በወጣው የእሳት ደህንነት ድንጋጌ ተሽሮ፣ ከጥቅምት 1 ቀን 2006 ጀምሮ ሕንፃን የማስገምገም ግዴታ በአሠሪውና በሕንፃው ኃላፊ ላይ ወደቀ። እሳት አደጋ መሥሪያ ቤቱ ዛሬ ሕጉ መከበሩን ይቆጣጠራል እንጂ ግምገማውን አይሠራም።

ስለዚህ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ፣ ግንበኛ፣ የቤቶች አስተዳደር ሠራተኛም ወደ ሙያው ሊገባ ይችላል። በለንደን ብዙ ወገኖቻችን በጥበቃ፣ በአረጋውያን መንከባከቢያና በሆቴል ይሠራሉ። ሌሊቱን የማንቂያ ደወሉን ሰሌዳ ሲጠብቅ የሚያድር የጥበቃ ሠራተኛ፣ የትኛው መውጫ በዕቃ እንደሚዘጋ ከማንም በላይ ያውቃል። የአረጋውያን ተንከባካቢዋም መራመድ የማይችሉ እናትን በእኩለ ሌሊት ከአልጋ አንስቶ ለማውጣት ስንት ሰውና ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ በእጇ ሠርታ አይታዋለች። ይህ ዕውቀት ለሙያው ትልቅ ስንቅ ነው።

ተረት 2፦ የአምስት ቀን ኮርስ ወስዶ ሠርተፊኬት የያዘ ሰው ገምጋሚ ነው።

እውነታ፦ ኮርሱ በር ይከፍታል፤ ብቃት ግን ከዕውቀት፣ ከሥልጠናና ከልምድ አንድ ላይ የሚገኝ ነው። ጀማሪው በአብዛኛው እንደ ኔቦሽ ያለ ተቋም የሚሰጠውን የእሳት ደህንነት ሠርተፊኬት ወይም የሦስተኛና የአራተኛ ደረጃ የግምገማ ኮርስ ይወስዳል። ከዚያ ልምድ ካለው ሰው ሥር ሆኖ ሕንፃ ማየትና ሪፖርቱን ማሳረም አለበት። ቀጥሎ እንደ እሳት መሐንዲሶች ተቋም ባሉ የሙያ ማኅበራት መዝገብ ለመግባት ሥራውን ያስመዝናል። በ2025 የወጣው ቢኤስ 8674 የተባለው የብሪታንያ መስፈርት ገምጋሚዎችን መሠረታዊ፣ መካከለኛና ከፍተኛ ብሎ በሦስት እርከን ይከፍላል። ከትንሽ ሱቅና ቢሮ የጀመረ ሰው በአንድ ዝላይ ሆስፒታል ወይም ረጅም ፎቅ ልገምግም ማለት የለበትም።

ይህ ማስጠንቀቂያ ብቻ አይደለም። ሰኔ 14 ቀን 2017 በለንደን በ24 ፎቁ የግሬንፌል ሕንፃ በተነሳው እሳት 72 ሰዎች አለቁ። ሕንፃውን ሲገመግም የቆየው ሰው የቀድሞ የእሳት አደጋ ሠራተኛ ነበር። አደጋውን የመረመረው አጣሪ ጉባኤ በ2024 ያወጣው የመጨረሻ ሪፖርት ግን ግለሰቡ ልምዱንና የትምህርት ማስረጃውን አጋኖ እንዳቀረበ፣ ከማስረጃዎቹም የፈጠራ እንዳለበት፣ ይህን ያህል ውስብስብ ሕንፃ ለመገምገምም ብቁ እንዳልነበረ ገልጿል።

ተረት 3፦ ሥራው ቅጽ መሙላትና እሳት ማጥፊያ መቁጠር ነው።

እውነታ፦ አንድ የአፓርታማ በር እንውሰድ። ገምጋሚው በሩን ከፍቶ ይለቀዋል፤ በሩ ሰው ሳይነካው ራሱ ተመልሶ እስከ መቆለፊያው ድረስ መዘጋት አለበት። በበሩና በመቃኑ መካከል ያለውን ክፍተት ይለካል፤ ከጎንና ከላይ 3 ሚሊ ሜትር አካባቢ መሆን ይገባዋል። ሙቀት ሲነካው አብጦ ክፍተቱን የሚደፍነው ጥብጣብ ዙሪያውን መኖሩን ይዳስሳል። እንዲህ ያለ በር ነበልባልን ለ30 ደቂቃ ያህል እንዲያግድ ታስቦ የተሠራ ነው፤ መዝጊያ ክንዱ ከተነቀለ ግን ክፍት ሆኖ ይቀራል፤ ጭሱም ወደ ደረጃው ይወጣል። ገምጋሚው ከዚያ ቀና ብሎ ኮርኒሱን ያያል፤ የኢንተርኔት ሠራተኛ ገመድ ለማሳለፍ ግድግዳውን በስቶ ሳይደፍን የሄደበት ቀዳዳ ከክፍል ክፍል የጭስ መንገድ ነው።

እንዲህ ያለው ጉድለት ምን እንደሚያስከትል በግሬንፌል ታይቷል። እሳቱ የተነሳው በአራተኛው ፎቅ በአንድ ትልቅ ማቀዝቀዣ በኤሌክትሪክ ብልሽት ነበር። የቤቱ ነዋሪ ትውልደ ኢትዮጵያዊ ሲሆን፣ ወዲያው ለእሳት አደጋ ደውሎ ጎረቤቶቹን ቀስቅሷል። እንዲያም ሆኖ ስሙ በሐሰት ሲጠፋ ቆይቶ፣ አጣሪው ጉባኤ በ2019 ምንም ጥፋት እንደሌለበት በግልጽ አስታወቀ። በየትኛውም ኩሽና ሊነሳ የሚችለውን እሳት ወደ እልቂት የቀየረው ሕንፃውን ከውጭ ያለበሰው ተቀጣጣይ ሽፋን ነው። ራሳቸው የማይዘጉ በሮችም ጭሱን ወደ ውስጥ አዛምተውታል።

ተረት 4፦ መንግሥት ፈቃድ ስለማይጠይቅ ማንም ተነስቶ ሊሠራው ይችላል።

እውነታ፦ እስካሁን የፈቃድ ግዴታ አለመኖሩ እውነት ነው። ነገር ግን ከጥቅምት 1 ቀን 2023 ጀምሮ የሕንፃ ኃላፊ ግምገማውን ሙሉ በሙሉ በጽሑፍ እንዲይዝ ሕጉ ያስገድደዋል። የግሬንፌል አጣሪ ጉባኤ የገምጋሚዎች የብቃት ዕውቅና አስገዳጅ እንዲሆን ምክረ ሐሳብ አቅርቧል፤ መንግሥትም በ2025 ተቀብሎታል። ዛሬ የሚጀምር ሰው በሩ ክፍት ነው ብሎ ሳይሆን መስፈርቱ እየጠበቀ መሆኑን አውቆ ይዘጋጅ።

ተረት 5፦ ገምጋሚው ከፈረመ ኃላፊነቱ ከባለቤቱ ላይ ይወርዳል።

እውነታ፦ አይወርድም። በ2009 በደቡብ ለንደን በላካናል ሕንፃ እሳት ስድስት ሰዎች ሞቱ፤ ሕንፃው ከዚያ በፊት የእሳት ስጋት ግምገማ አልተደረገለትም ነበር። የሕንፃው ባለቤት የሆነው የሳውዝዋርክ ምክር ቤት በ2017 ጥፋቱን አምኖ 270,000 ፓውንድ ተቀጣ። ገምጋሚውም ቢሆን አያመልጥም። በ2011 በኖቲንግሃም ፍርድ ቤት የሁለት ሆቴሎች ገምጋሚ፣ ግምገማው በቂ ባለመሆኑ ከሆቴሎቹ ኃላፊ ጋር እያንዳንዳቸው የስምንት ወር እስራት ተፈርዶባቸዋል። በግሉ የሚሠራ ገምጋሚ የሙያ ኃላፊነት መድን ሳይገባ ሥራ መቀበል የለበትም።

ተረት 6፦ አንዴ የተገመገመ ሕንፃ አለቀለት።

እውነታ፦ ግድግዳ ሲፈርስ፣ ነዋሪ ሲለወጥ፣ አዲስ ገመድ ሲዘረጋ ስጋቱም ይለወጣልና ግምገማው መከለስ አለበት። በእንግሊዝ ከ11 ሜትር በላይ በሆኑ የመኖሪያ ሕንፃዎች ከጥር 2023 ጀምሮ የጋራ በሮች በየሦስት ወሩ፣ የየቤቱ መግቢያ በሮች ደግሞ ቢያንስ በዓመት አንዴ እንዲታዩ ጥረት ማድረግ ግዴታ ነው።

ወደዚህ ሙያ ለመግባት የምታስቡ ወገኖች፣ ዕድሜያችሁም ሆነ የቀድሞ ሥራችሁ አያግዳችሁም። ለኮርስ ከመክፈላችሁ በፊት ኮርሱ በየትኛው የሙያ ማኅበር ዘንድ ዕውቅና እንዳለው አጣሩ፤ አብራችሁ ሕንፃ የምታዩት ልምድ ያለው ሰው ፈልጉ፤ በእንግሊዝኛ ጥርት ያለ ሪፖርት መጻፍን ተለማመዱ። ከሁሉም በላይ ከአቅማችሁ በላይ የሆነ ሕንፃ ሲቀርብላችሁ፣ ክፍያው የቱንም ያህል ቢያጓጓ፣ «ይህ የእኔ ደረጃ አይደለም» በሉ። እናንተ የምትፈርሙበትን ወረቀት አምነው ልጆቻቸውን የሚያስተኙ ሰዎች አሉ።