በራሱ ሥራ የሚቀዘቅዝ አየር

በ11,000 ሜትር ከፍታ ላይ የውጭው አየር ከዜሮ በታች 56 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ነው። ታዲያ በዚህ ብርድ ውስጥ የሚበር አውሮፕላን ማቀዝቀዣ ለምን ያስፈልገዋል?

ምክንያቱ ግፊት ነው። በዚያ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው ሩቡን እንኳ ስለማይሞላ፣ እንዳለ የሚተነፍሰው ሰው በአንድ ደቂቃ ገደማ ራሱን ይስታል። ስለዚህ በአብዛኞቹ ጄት አውሮፕላኖች የመንገደኞች አየር ከሞተሩ ኮምፕሬሰር ታምቆ ይቀዳል። የብስክሌት ጎማ የነፋ ሁሉ እንደሚያውቀው ግን አየር ሲታመቅ ይሞቃል፤ ከሞተሩ የሚመጣውም 200 ዲግሪ ገደማ ይደርሳል።

ጉዞውን እንከተል። ትኩሱ አየር በመጀመሪያ ሙቀቱን በሙቀት መለዋወጫ አማካይነት ለውጭው ነፋስ ያስረክባል። ቀጥሎ በትንሽ ኮምፕሬሰር እንደገና ታምቆ፣ የጨመረውን ሙቀት በሁለተኛ መለዋወጫ ይተዋል። በመጨረሻም ተርባይን እያሽከረከረ ይስፋፋል። ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገውን ጉልበት ከራሱ ውስጣዊ ጉልበት ስለሚከፍል ወደ ዜሮ ዲግሪ አካባቢ ይወርዳል። የተከፈለው ጉልበትም በአንድ ዘንግ የተያያዘውን ያንኑ ትንሽ ኮምፕሬሰር ያዞራል። ከዚያም ከሞቃት አየር ጋር ተመጣጥኖ ወደ መንገደኞቹ ይገባል።

ቦይንግ 787 አየሩን የሚያምቀው ከሞተሩ በመቅዳት ሳይሆን በኤሌክትሪክ ኮምፕሬሰር ነው፤ የማቀዝቀዣው ተርባይን ግን በቦታው አለ። በክፍል ውስጥ በአንድ መስመር የምንጽፈው የቴርሞዳይናሚክስ አንደኛ ሕግ፣ በሰማይ ላይ የመንገደኛው እስትንፋስ ዋስ ነው።