የአክሱም የወርቅ ሳንቲሞች ከግራማቸው በላይ ዋጋ አላቸው

በአዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ በመርካቶ የወርቅና የብር ሠሪዎች ሱቆች አሮጌ ጌጥ በግራም ተመዝኖ ይገዛል፤ ቀልጦም አዲስ ጌጥ ይሆናል። ጠገራ ብር በመባል የሚታወቀው የማርያ ትሬዛ ብርም ለብዙ ዘመናት በዚሁ መንገድ መስቀልና አምባር ሲሠራበት ኖሯል። ጠገራ ብር በሚሊዮኖች የተመታ በመሆኑ አንዱ ቢቀልጥ ጉዳቱ እምብዛም ነው። የአክሱም ነገሥታት የወርቅ ሳንቲም ግን ወደዚሁ ሚዛን ቢወጣ የሚያስገኘው ገንዘብ ጥቂት፣ የሚያጠፋው መረጃ ብዙ ይሆናል።

አክሱም በሦስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ገደማ በንጉሥ እንዱቢስ ዘመን የራሷን ገንዘብ በወርቅና በብር መምታት ጀመረች። በወቅቱ የወርቅ ገንዘብ የሚያወጡ መንግሥታት በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። በምዕራብ አውሮፓ የፍራንኮች ንጉሥ ቀዳማዊ ቴዎደበርት በራሱ ስም የወርቅ ሳንቲም ያስመታው በስድስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ ከእንዱቢስ ከ200 ዓመታት በላይ ዘግይቶ ነው። ይህም የሮም ቄሣርን መብት እንደ መድፈር ተቆጥሮ ታሪክ ጸሐፊው ፕሮኮፒዮስን አስቆጥቶ ነበር።

በአክሱም የወርቅ ሳንቲም ላይ የንጉሡ ምስል በሁለት የእህል ዛላዎች መካከል ይታያል። ጽሑፉ በአብዛኛው በግሪክ ቋንቋ የሆነው ወርቁ ለባሕር ማዶ ንግድ ይውል ስለነበር ነው፤ የግዕዝ ጽሑፍ በብዛት የሚገኘው ለአገር ውስጥ መገበያያ በዋሉት በብሩና በነሐሱ ላይ ነው። በአራተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ንጉሥ ኢዛና ክርስትናን ሲቀበል በሳንቲሞቹ ላይ የነበረው የጨረቃ ምልክት በመስቀል ተተካ።

የሳንቲሙ ክብደት ከአራተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ወዲህ 1.6 ግራም ያህል ብቻ ነው። የወርቁ ጥራትም በመጀመሪያዎቹ ነገሥታት ዘመን ከ90 በመቶ በላይ የነበረ ሲሆን፣ በመጨረሻዎቹ ዘመን ወደ 60 በመቶ አካባቢ ወርዷል። ለወርቅ ሠሪ ይህ ካራቱ የወረደ ወርቅ ማለት ነው፤ ለታሪክ ተመራማሪ ደግሞ የመንግሥቱን የኢኮኖሚ መዳከም የሚያሳይ ማስረጃ ነው።

ሳንቲሙ የተገኘበት ቦታም የዚያኑ ያህል ይናገራል። በየመን አል ማድሃሪባ በተባለ ስፍራ ከ800 በላይ የአክሱም የወርቅ ሳንቲሞች ከሮም ሳንቲሞች ጋር በአንድነት ተገኝተዋል። ክምችቱ የአክሱም ወርቅ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ ከሮም ወርቅ ጎን ለጎን መከማቸቱን አረጋግጧል። ሳንቲሞቹ አንድ በአንድ በየገበያው ተሸጠው ቢሆን ኖሮ ይህን ማወቅ አይቻልም ነበር።

በአክሱምና በአካባቢው ከዝናብ በኋላ ወይም በእርሻ ወቅት ሳንቲም ከመሬት ብቅ ማለቱ የተለመደ ነው። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ጥናትና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 209፣ ቅርስ በአጋጣሚ ያገኘ ማንኛውም ሰው ወዲያውኑ እንዲያሳውቅ አስገድዷል፤ ላስረከበ ሰውም ተገቢ ሽልማት እንዲሰጥ ደንግጓል። ያገኘውን ሳንቲም በአሲድ ወይም በአሸዋ ከማጽዳትም መቆጠብ ይገባል። አንዳንዶቹ የነሐስና የብር ሳንቲሞች በንጉሡ ራስ ዙሪያ በስስ ወርቅ የተለበጡ በመሆናቸው፣ ልባጡ አንዴ ከተፋቀ አይመለስም።