የእህል ጉድጓድ አየር ስንት ሊትር ነው?

አየር ይመዘናል ብንል የሚስቅ አይጠፋም፡፡ ነገር ግን አየርም ሆነ ሌላ ጋዝ እንደ እህል ክብደት አለው፤ እንደ ውኃም ቦታ ይይዛል፡፡ ክብደቱን ካወቅን ስንት ሊትር እንደሚሆን ማስላት እንችላለን፡፡ ታዲያ ምን ይጠቅመናል? እህል በጉድጓድ ለምናስቀምጥ ሰዎች የሕይወት ጉዳይ ነው፡፡

በሐረርጌ ማሽላ በጉድጓድ ይቀመጣል፡፡ እህል ተቀብሮም ቢሆን ይተነፍሳል፡፡ እርጥበት ካገኘውና ሻጋታ ከያዘው ደግሞ ይብስበታል፡፡ ኦክሲጅኑን እየጨረሰ የተቃጠለ አየር ያወጣል፡፡ የዚህ አየር የሳይንስ ስሙ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው፡፡ አይታይም፣ በሽታም አይለይም፡፡

ሒሳቡ እንዲህ ነው፡፡ 44 ግራም ካርቦን ዳይኦክሳይድ 24 ሊትር ያህል ቦታ ይይዛል፡፡ 44 ከየት መጣ? ጋዙ የተሠራው ከአንድ ካርቦንና ከሁለት ኦክሲጅን ነው፡፡ የካርቦን ክብደት 12፣ የእያንዳንዱ ኦክሲጅን 16 ተብሎ ይቆጠራል፡፡ 12 ሲደመር 16 ሲደመር 16፣ 44 ይሆናል፡፡ ስለዚህ ግራሙን ለ44 እናካፍላለን፤ የተገኘውን በ24 እናባዛለን፡፡ (24 የምንለው ሙቀቱ መጠነኛ ሲሆን፣ በባሕር ወለል ላይ ነው፡፡ በደጋ አየሩ ስለሚሳሳ ያው ክብደት ሰፋ ያለ ቦታ ይይዛል፡፡)

እንግዲህ በጉድጓዱ ውስጥ 300 ግራም ያህል እህል ጨርሶ በሰበሰ እንበል፡፡ 440 ግራም ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣዋል፡፡ ከእህሉ በልጦ የመዘነው ኦክሲጅን ስለጨመረበት ነው፡፡ 440 ለ44 ሲካፈል 10 ነው፡፡ 10 በ24 ሲባዛ 240 ሊትር፡፡ አንድ በርሜልና ሁለት ጀሪካን ማለት ነው! ከስንት ኩንታል ውስጥ 300 ግራም መጉደሉን ማን ያስተውላል?

እህሉ ተቀንሶ ባዶው ቦታ 10 በርሜል፣ ማለት 2,000 ሊትር ቢሆን፣ 240 ሊትሩ ከመቶ 12 እጅ ይሆናል፡፡ በንጹሕ አየር ውስጥ ግን ይህ ጋዝ ከ10,000 ሊትር 4 ሊትር ያህል ብቻ ነው፡፡ ከመቶ 10 እጅ ካለፈ ሰው በደቂቃዎች ውስጥ ራሱን ይስታል፣ ይሞታልም፡፡ ጋዙ ከአየር አንድ ጊዜ ተኩል ያህል ስለሚከብድ ክዳኑ ቢነሣም ቶሎ አይወጣም፤ ከታች ይተኛል፡፡

ስለዚህ ጉድጓዱን እንደከፈትን ዘለን አንገባም፡፡ ከፍተን በደንብ እናናፍሰዋለን፡፡ ኩራዝ በገመድ አውርደን ከጠፋ ማንም አይገባም፡፡ ባይጠፋም መተማመኛ አይሆንም፤ ሰውን የሚጥል ጋዝ እያለም ኩራዝ ሊበራ ይችላልና፡፡ የሚገባው ሰው ከመውረዱ በፊት ወገቡ በገመድ ይታሰር፤ ከላይም ቢያንስ ሁለት ጎበዝ ሰዎች ገመዱን ይያዙ፡፡ ከወደቀ በገመዱ ይጎትቱት እንጂ ተከትለውት አይግቡ፡፡ ወንድሜን ላድን ብሎ የገባም የሚተነፍሰው ያንኑ አየር ነው፡፡