ፊልድ የከረመ ሰው ምን ይነካዋል?

ሁለት ወር ጠፍቶ የመጣ ሰው “እንዴ! አንድ ወር ቢሆነኝ ነው” ቢላችሁ ምን ትሉታላችሁ? ያው “ውሸታም!” ነዋ። ቆይ ግን፣ አትቸኩሉ።

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1962 አንድ የ23 ዓመት ፈረንሳዊ የጂኦሎጂ ተመራማሪ (በዚህ ገጽ ስም አንጠራም) አልፕስ ተራራ ውስጥ ያለ በረዷማ ዋሻ ሊያጠና ሰዓት ሳይዝ ገባ። ፀሐይ የለ፣ ቀን የለ፣ ሌሊት የለ። ሲነቃ፣ ሲበላና ሲተኛ ላይ ለቀሩት ጓዶቹ በስልክ ይነግራቸዋል፤ እነሱ ግን ስንት ሰዓት እንደሆነ ትንፍሽ አይሉለትም። ጁላይ 16 የገባ ሰው ሴፕቴምበር 14 “በቃህ፣ ውጣ” ሲባል በእሱ ቆጠራ ገና ኦገስት 20 ነበር! 25 ቀን የት ገባ? በየሰከንዱ አንድ እያለ እስከ 120 እንዲቆጥር ሲጠየቅ ደግሞ የሁለት ደቂቃው ነገር አምስት ደቂቃ ፈጀበት። የሚገርመው፣ ሰውነቱ በየ24 ሰዓት ተኩሉ ገደማ እየተኛ እየነቃ ነበር። የሳተው ግምቱ ነው።

እኛ ከተሜዎች ጊዜን የምንለካው በሰዓት ብቻ ይመስለናል። የታክሲው ረዳት ጩኸት፣ አዛኑ፣ ቅዳሴው፣ የጎረቤት ቡና ሽታ፣ ሁሉም ሰዓታችን ነው። ዞር ብለን ስናስበው ብዙ ትዝታ ያለው ጊዜ ይረዝማል፤ ቀኑ ሁሉ አንድ ዓይነት ከሆነ ግን ተጣጥፎ ያጥራል።

ይህን ያነሳሁት ልታማክረኝ በመጣች አንዲት ወጣት ምክንያት ነው። እጮኛዋ ቀያሽ ነው። አፋር፣ ጨው ሜዳው ዳር፣ ሁለት ወር ተኩል ድንኳን ውስጥ ከርሞ መጣ። ስታወራው ዓይኑ ግድግዳ ላይ ፈጦ ይቀራል፤ የጀመረውን ወሬ መሃል ላይ ይረሳዋል። “ሦስቴ ብቻ ነው የደወልክልኝ” ስትለው “መቼ ቆየሁና!” አላት። በቃ፣ “ሌላ ይዟል” ብላ ቀለበቱን ልትመልስለት ቆርጣለች።

ልጁን ለብቻው አነጋገርኩት (የምጽፈው በፈቃዱ ነው)። አብረውት የነበሩት ሁለት ሠራተኞች አፋርኛ እንጂ አማርኛ አያውቁም። “ዛፍ የለ፣ ቤት የለ። ‘ያ ግመል ነው’ ብዬ ስሄድ ጀሪካን ሆኖ አገኘዋለሁ” አለኝ። እውነቱን ነው። ዓይን ርቀትን የሚገምተው መጠኑን ከሚያውቀው ነገር ጋር እያስተያየ ነው፤ ማስተያያ ሲያጣ፣ በዚያ ላይ ሙቀቱ ሲንቀለቀልበት ይስታል። ማታ ማታ ደግሞ ስሙን የሚጠራው ድምፅ ይሰማው ነበር። “አበደ እንዳትለኝ” ብሎ ለእጮኛው ደብቋታል። እሷ “ሌላ ሴት” ያለችው ዝምታ ይኸው ነው!

ዓይን ፈጦ መቅረትም በእሱ አልተጀመረም፤ የአንታርክቲካን ጨለማ ክረምት እዚያው በሚያሳልፉ ሠራተኞች ዘንድ የታወቀ ነው። በ2019 የወጣ ጥናት እዚያ 14 ወር የቆዩ 9 ሰዎችን አንጎል መርምሮ ለማስታወስ የሚረዳ አንድ ክፍል መጠኑ ቀንሶ አግኝቶታል። ዘጠኝ ሰው ጥቂት ነው፣ ግን የሚናቅ አይደለም።

ለልጅቷ “ቀለበቱን ለጊዜው ተይው፣ ሁለት ሳምንት ስጪው” አልኳት። የመጣ ዕለት ዘመድ አዝማድ ሰብስቦ ማስጨነቅ የለም። ሰብሰብ ካለ ቦታ ይልቅ በእግር መንሸራሸር ይሻላል። “የት ነበርክ?” ብሎ ከመመርመር “እዚያ ምን አየህ?” ማለት አፉን ይፈታዋል።

ፊልድ ልትወጡ ላላችሁ ደግሞ፦ የእጅ ሰዓትና ደብተር ያዙ፣ ስልክ ባትሪው ያልቃል። በየማታው ቀኑን ጻፉና ከትናንት የተለየ አንድ ነገር መዝግቡ። የእሁዱን ምግብ ከሰኞው ለዩት። ከፍቅረኛ መለያየትንም ሆነ ሥራ መልቀቅን እዚያ ሆናችሁ አትወስኑ። ከተመለሳችሁ በኋላም ድምፁ ካልተዋችሁ ወይም እንቅልፍ ከነሳችሁ ሳትደባበቁ ሐኪም ዘንድ ሂዱ። ልጁ ግን አዲስ አበባ ከገባ ወዲህ የጠራው እንደሌለ ነግሮኛል።